የዓሣ ማስፈልፈል ጥበብ በደብዳቤ እንደ ተጓዘ

በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በጀርመን አገር በሊፔ ግዛት ስቴፋን ሉድቪግ ያኮቢ የሚባል አንድ ባለ መሬት ነበረ። ይህ ሰው ሴቲቱ የትራውት ዓሣ እንቁላሏን በጠጠር ላይ ስታፈስ፣ ወንዱም ተከትሎ ዘሩን ሲረጭበት በወንዝ ዳር ሆኖ ብዙ ዘመን ከተመለከተ በኋላ፣ በወንዝ ውስጥ በተፈጥሮ የሚሆነውን ነገር ሰው በሳሕን ውስጥ ሊያደርገው እንደሚችል ተረዳ። የተረዳውንም በ1760ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደብዳቤ ገልጦ ለሊቃውንት ላከ፤ ጽሑፉም በሐኖቨር መጽሔት ታተመ። ዳሩ ግን ነገሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ወደ ላቲንም ተተርጉሞ ከፈረንሳይ አገር ሲደርስ፣ ዱአሜል ዱ ሞንሶ ስለ ዓሣ ማጥመድ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ የሥራው ባለቤት ሆኖ የተጻፈው ያኮቢ ሳይሆን ጽሑፉን ያስተላለፈው ካውንት ጎልድሽታይን ነበር። እንግዲህ ይህ ጥበብ ገና ከመወለዱ በአባቱ ስም ሳይጠራ ቀረ፤ እንዲህ ያለውም ዕጣ ወደ ፊት እንደምናየው ደጋግሞ የደረሰበት ነው።

ከዚያ በኋላ በስኮትላንድ የአንድ መስፍን ርስት ጠባቂ የነበረው ጆን ሾው በ1830ዎቹ ዓመታት የሳልሞን እንቁላል በኩሬ አስፈልፍሎ፣ እንደ ሌላ ወገን ይቆጠር የነበረው «ፓር» የተባለው ትንሽ ዓሣ የሳልሞን ልጅ መሆኑን ከማስረዳቱ በቀር፣ የያኮቢ ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ ተኝቶ ቆየ። ያነቃቃው ግን ያላነበበው ሰው ነው። በፈረንሳይ አገር በቮዥ ተራሮች፣ ላ ብረስ በምትባል መንደር ዮሴፍ ሬሚ የሚባል ድኻ ዓሣ አጥማጅ ነበረ፤ እርሱም የእንጀራው ምንጭ የሆነው ትራውት ከወንዙ እየጠፋ መሄዱን አይቶ አዘነ፤ አዝኖም ዝም አላለም፤ በኅዳር ወር በብርዱ ሌሊት በወንዝ ዳር በሆዱ ተኝቶ በጨረቃ ብርሃን ዓሦቹ ሲራቡ ተመለከተ። ከዚያም በ1842 ገደማ ሴቲቱን ይዞ ሆዷን በቀስታ እያሸ እንቁላሏን ውኃ ባለበት ዕቃ አወረደ፤ የወንዱንም ዘር ጨመረበት፤ እንቁላሉንም ጠጠር በተነጠፈበት፣ ውኃ እንዲያልፍበት በተበሳሳ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ወደ ጅረቱ መለሰው። የመንደሩ የመጠጥ ቤት ባለቤት አንትዋን ጄኤን በሥራው ተባባሪው ሆነ። በ1843 ሬሚ የሠራውን ሁሉ ዘርዝሮ ለአውራጃው አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያ አገር የነበረው የሊቃውንት ማኅበርም በሚከተለው ዓመት ሽልማት ሰጠው። ነገሩ ግን ከተራራው ወርዶ ፓሪስ አልገባም።

በ1848 እንዲህ ሆነ። ካትርፋዥ የተባለው የታወቀ የሥነ ፍጥረት ሊቅ በፓሪስ በሳይንስ አካዳሚ ፊት ቆሞ፣ የአገሪቱን ወንዞች በሰው እጅ በተዳቀለ እንቁላል መልሶ በዓሣ መሙላት እንደሚቻል ንግግር አደረገ። የቮዥ ማኅበር ጸሓፊ የነበረው ዶክተር አክሶ ይህን በሰማ ጊዜ፣ እናንተ ሊሆን ይችላል የምትሉትን በእኛ አገር አንድ ዓሣ አጥማጅ ካደረገው ዓመታት አልፈዋል የሚል ደብዳቤ በ1849 ለአካዳሚው ላከ። ምናልባት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ከፍ ያለ ሥራ የሠራ ይህ ነው። የባላገር ሐኪም የጻፈው አንድ ወረቀት መንግሥቱን አነሣሣ፤ ሚልን ኤድዋርድስ የተባለው ሊቅ ነገሩን ሊመረምር ተላከ፤ ለሬሚም ጡረታ ተቈረጠለት። ጥቂት ቆይቶም በኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር በነበረው በቪክቶር ኮስት መሪነት በራይን ወንዝ አጠገብ በሁኒንግ የዓሣ ማስፈልፈያ ተቋቁሞ እንቁላል ለአውሮፓ ሁሉ ማደል ጀመረ። የሬሚ ዝና ግን በአትላንቲክ ማዶ ሌሎች ባላገር ሐኪሞች ጆሮ ደረሰ፤ ታሪኩም ከዚህ በኋላ ወደ እነርሱ ይሻገራል።

ዶክተር ጃሬድ ፖተር ኪርትላንድ በ1793 በኮኔቲከት ተወልዶ፣ በየል ሕክምና ተምሮ፣ በ1823 ወደ ኦሃዮ የፈለሰ ሰው ነበር። ኦሃዮ በዚያን ጊዜ የዳር አገር ነበረች፤ መጻሕፍትም ቤተ መዘክርም በቦስተንና በፊላደልፊያ እንጂ በእርሷ ዘንድ አልነበሩም፤ ስለዚህ ኪርትላንድ በሽተኛ ለመጠየቅ በፈረስ ሲወጣ የሚያየውን ወፍ፣ ዛጎልና ዓሣ ሁሉ ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ሥዕሉን ሥሎ፣ ለምሥራቅ ሊቃውንት በደብዳቤ ያስታውቅ ነበር። በ1834 በወንዝ የሚገኙት ባለ ዛጎል እንስሳት ወንድና ሴት ሆነው እንደ ተለያዩ፣ የዛጎላቸውም ቅርጽ በጾታቸው ልክ እንደሚለያይ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ፣ በከተማ የሚኖሩ ጠበብት የዳር አገር ሐኪም ቃል ነው ብለው ቢጠራጠሩትም፣ ኋላ ከስዊስ አገር የመጣው ሉዊ አጋሲ እውነት መሆኑን መስክሮለታል። በ1838 ስለ ኦሃዮ እንስሳት ለግዛቱ መንግሥት ያቀረበው መግለጫ፣ ከዚያም እስከ 1846 ድረስ ስለ ኢሪ ሐይቅና ስለ ኦሃዮ ወንዝ ዓሦች በቦስተን የሥነ ፍጥረት መጽሔት በተከታታይ ያወጣቸው ጽሑፎች የዚያ አገር የዓሣ ዕውቀት መሠረት ሆኑ።

በኦሃዮ ባለችው በክሊቭላንድ ከተማ በአደባባዩ አጠገብ የኬዝ ቤተ ሰብ ንብረት የሆነች አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ነበረች፤ በውስጧም የታሸጉ አራዊትና አዕዋፍ ከመብዛታቸው የተነሣ ሰዎቹ «መርከቧ» ይሏት ነበር፤ የኖኅን መርከብ ማለታቸው ነው። በዚያ የሚሰበሰቡት ወጣቶች ለኪርትላንድ እንደ ደቀ መዛሙርት ነበሩ። በ1845 የክሊቭላንድ የሥነ ፍጥረት አካዳሚ ሲመሠረት መሪው እርሱ ሆነ። የከተማዋ የሕክምና ትምህርት ቤት ከተከፈተም ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና፣ በአንድ በኩል ሬሳ የሚመረምሩ፣ በሌላ በኩል ዓሣ የሚመረምሩ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱን በአንድ ቢላ የሚያደርጉ፣ በአንድ ከተማ ተገናኙ።

እነዚህን ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ክር የሚያያይዛቸው ግን ሌላ ሰው ነበር። ስፔንሰር ፉለርተን ቤርድ በ1823 በፔንሲልቫኒያ ተወለደ። ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በ1840 ያልታወቀች የምትመስለውን አንዲት ትንሽ ወፍ ይዞ፣ በዚያ ዘመን ስሙ ለገነነው ለአዕዋፍ ሠዓሊው ለኦዱቦን ደብዳቤ ጻፈ፤ ሽማግሌውም በደግነት መለሰለት። ቤርድም ይህን ውለታ ዕድሜውን ሁሉ ለሌሎች ሲከፍል ኖሯል ቢባል አላጋነንም። በ1850 በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን ተቋም ረዳት ጸሓፊ ሆኖ ሲሾም፣ በሁለት የባቡር ፉርጎ የተጫነ የአዕዋፍና የእንስሳት ስብስብ ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ ድንበር ጠባቂ መኮንን ቢሆን፣ ሚስዮናዊ ቢሆን፣ የመንደር መምህር ወይም ሐኪም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ የጻፈለት ሰው ሁሉ መልስ ሳያገኝ አይቀርም ነበር። ዓሣው እንዳይበሰብስ ሆዱ በጥቂቱ ተሰንጥቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አልኮል በተሞላ በርሜል እንዴት እንደሚላክ የሚገልጥ መመሪያ አሳትሞ አደለ። በ1860 ብቻ ረዳት ሳይኖረው በገዛ እጁ 3,050 ደብዳቤዎች እንደ ጻፈ ተመዝግቧል። ሰነፍ ሰው ይህን ቍጥር ሲሰማ ይደክመዋል።

በ1851 ጸደይ የኪርትላንድ አማች ቻርልስ ፒዝ በክሊቭላንድ አጠገብ ባለው በኪርትላንድ እርሻ አንዲት ወፍ መታ፤ ቤርድም በዚያው ሰሞን ወደዚያ መጥቶ ነበርና ወፊቱን ይዞ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰ፤ መርምሮም አዲስ ዝርያ ሆና ስላገኛት በሚከተለው ዓመት በወዳጁ ስም ሰየማት። በ1853 በጋ ደግሞ ኪርትላንድ፣ ቤርድና ከዊስኮንሲን የራሲን ከተማ ሐኪም የሆነው ፋይሎ ሆይ ሆነው ከኦሃዮ ተነሥተው በሚቺጋን፣ በኢሊኖይና በዊስኮንሲን በኩል ዞሩ፤ በየወንዙና በየሐይቁ ዳር መረብ እየጣሉ ዓሣ ሰበሰቡ። ለዓመታት በወረቀት ብቻ ሲነጋገሩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጀልባ ተቀምጠው ስለ አንድ ዓሣ ክንፍ ሲከራከሩ ማየት ደስ ሳያሰኝ አይቀርም።

ከዚህም ጉዞ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት መኸር፣ በክሊቭላንድ ከተማ ሌላ ነገር ተሠራ። ዶክተር ቴዎዳተስ ጋርሊክ በ1805 በቬርሞንት የተወለደ ሐኪም ነበር፤ ሐኪም ብቻ ግን አልነበረም፤ የፊት ቀዶ ጥገና ያውቃል፤ ሐውልት ይቀርጻል፤ ፎቶግራፍ ከፓሪስ እንደ ተሰማ በራሱ እጅ መሣሪያውን ሠርቶ ሥዕል አንሥቷል። የሬሚና የጄኤን ወሬ በደረሰው ጊዜ፣ የሕክምና ባልደረባው ከሆነው ከዶክተር አክሊ ጋራ ተመካክሮ፣ በአክሊ እርሻ ላይ ከምንጭ የሚወርደውን ውኃ በመገደብ ኩሬ አበጀ። ከዚያም ከሱ ሴንት ማሪና ከካናዳው ፖርት ስታንሊ ሕያው ትራውት አስመጥቶ በኩሬው ለቀቀ። ኪርትላንድ የዚያ አካባቢ ዓሦች ሊቅ ነበርና፣ ጋርሊክ በየትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚጀምር የሚያመዛዝንበት ዕውቀት በከተማው ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆይቶታል።

ሥራው እንዲህ ነበር። መኸር ሲገባና ዓሦቹ ለመራባት ወደ ምንጩ አፍ ሲጠጉ፣ ሴቲቱን በአንድ እጅ ከራሷ በታች ይዞ፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት ሆዷን ከደረቷ ወደ ጅራቷ በኩል በቀስታ ይጫናል፤ ደርሳ እንደ ሆነ እንቁላሉ ያለ ግድ እየፈሰሰ ጥቂት ውኃ ባለበት ሳሕን ይወርዳል፤ ካልደረሰች ግን ማስገደድ ዓሣዋንም እንቁላሉንም መግደል ነው። ከዚያም ወንዱን በዚያው ዓይነት ይዞ ዘሩን ይጨምርበታል፤ ውኃውም እንደ አጓት ይደፈርሳል። በእጅ ወይም በወንዱ ጅራት በቀስታ ከተማሰለ በኋላ ጥቂት ጊዜ ይቆይና እንቁላሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ጠጠር በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ይዘረጋል፤ የምንጩም ውኃ ሌሊትና ቀን ይፈስበታል። ከሳምንታት በኋላ በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ የጽንሱ ዐይኖች ናቸው። የሞተው እንቁላል ነጭ ይሆናልና በየቀኑ እየተለቀመ ካልተጣለ ሻጋታው ወደ ሕያዋኑ ይሻገራል። በክረምቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ከሆዳቸው በታች የአስኳል ስንቃቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ጋርሊክ በየካቲት ወር 1854 ስለ ሥራው ለክሊቭላንድ አካዳሚ ጽሑፍ አነበበ፤ በ1857ም ስለ ዓሣ ማስፈልፈል በአገሩ ከታተሙት ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ የሆነውን በዚያው ከተማ አሳተመ።

የቀዳሚነት ሙግት ግን እዚህም አልቀረም። የኦዱቦን የሥራ ባልደረባ የነበረው የቻርልስተን ቄስ ጆን ባክማን በ1855 ተነሥቶ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ በ1804 የትራውትን እንቁላል አዳቅዬ ነበር አለ። ቄስን ውሸታም ማለት ለማንም አይመችም፤ ዳሩ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይጻፍ የቆየ ግኝት ማንንም ዓሣ ማስፈልፈል አላስተማረም። በዚህ ነገር የእኔ ፍርድ ከጋርሊክ ጋራ ነው፤ ጋርሊክም ቢሆን በሬሚ ላይ ቀዳሚነት አልፈለገም።

ጋርሊክ መጽሐፉን ባሳተመበት በዚያው በ1857፣ የቬርሞንት መንግሥት ስለ ዓሣ እርባታ መግለጫ እንዲያቀርብ ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽን አዘዘ። ማርሽ የቤርድ የቆየ ወዳጅ ነበር፤ ቤርድ ወደ ስሚዝሶንያን እንዲገባ ከረዱትም አንዱ እርሱ ነው፤ በቍስጥንጥንያ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ በተቀመጠባቸው ዓመታት እንኳ ከቤርድ ጋራ ይጻጻፍ ነበር፤ ቤርድም ከምሥራቅ አገር እንስሳት እንዲሰበስብለት ይጠይቀው ነበር። ይህ ሰው ለቬርሞንት ሸንጎ ያቀረበው መግለጫ ከአንድ የሐኪም ኩሬ እጅግ ራቅ ብሎ ያያል። ዓሣ የጠፋው ስለ በዛ አጥማጅ ብቻ አይደለም፤ ደኑ ስለ ተመነጠረ ጐርፉ በረታ፣ በበጋም ምንጩ ደረቀ፤ የወፍጮውና የመጋዙ ግድብ መንገዱን ዘጋበት፤ የእንጨቱ ብናኝና የፋብሪካው እድፍ ውኃውን አበላሸው አለ። እንዲህ ካለ በኋላ ግን ግድቡን አፍርሱ አላለም፤ ሰው ከትርፉ እንደማይመለስ ያውቅ ነበርና በሰው እጅ ማስፈልፈል ይሻላል ወደሚለው አዘነበለ። እኔ እንደማየው የዚህ ሁሉ ታሪክ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙን ከሁሉ ይልቅ የመረመረው ሰው፣ ሕመሙ በቦታው ተቀምጦ ሕመምተኛው የሚቆይበትን መድኃኒት አዘዘ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እስኪያልፍ ነገሩ ቀዘቀዘ። በ1864 ሴት ግሪን በኒው ዮርክ ግዛት በካሌዶንያ የማስፈልፈያ ቦታ ከፈተ፤ በ1867ም በኮኔቲከት ወንዝ ላይ ሻድ የተባለውን ዓሣ እንቁላል የወንዙ ፍሰት ራሱ እንዲያንከባልለው፣ ታቹ ወንፊት የሆነ ተንሳፋፊ ሣጥን ፈጠረ። ከሩስያ ደግሞ ሌላ ዕውቀት መጣ። ቭላዲሚር ቭራስኪ የተባለ ሰው በ1856፣ እንቁላሉ ውኃ ሲነካው ወዲያው ጠጥቶ ስለሚያብጥና የዘሩ መግቢያ ስለሚዘጋ፣ የወንዱም ዘር በውኃ ውስጥ ኃይሉ በደቂቃዎች ስለሚያልቅ፣ ሁለቱን ያለ ውኃ አገናኝቶ ውኃውን ኋላ መጨመር እንደሚሻል አረጋግጦ ነበር። የሥራው ባለቤት አስቀድሞ ሞተ፤ ጽሑፉ ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተሻገረ በ1871 አሜሪካ ደረሰ። ቀድሞ አብዛኛው እንቁላል ሳይዳቀል ይቀር የነበረው፣ ከዚያ ወዲህ የማይዳቀለው ጥቂቱ ብቻ ሆነ።

በ1870 ታኅሣሥ ወር ዓሣ አስፈልፋዮቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1871 የካቲት ወር ኮንግሬስ የዓሣ ኮሚሲዮን እንዲቋቋም ወሰነ፤ ሹመቱም ያለ ተጨማሪ ደመወዝ ለቤርድ ተሰጠ። ሕጉ ያዘዘው የባሕሩና የሐይቆቹ ዓሣ ለምን እንደሚጐድል እንዲመረመር ነበር፤ ነገር ግን በ1872 በማኅበሩ ጐትጓችነት ለማስፈልፈያ የሚሆን 15,000 ዶላር ተጨመረ። ጥያቄና መልስ በአንድ ቢሮ ሲቀመጡ፣ መልሱ ጥያቄውን ቀስ በቀስ ዋጠው።

ሊቪንግስተን ስቶን የሐርቫርድ ተማሪ የነበረ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት በቻርልስታውን ሰባኪ ሆኖ ያገለገለ፣ ጤናው ስላልረዳው ስብከቱን ትቶ ትራውት ማርባት የያዘ ሰው ነው። በ1872 በጋ ቤርድ የፓሲፊክን ሳልሞን እንቁላል እንዲያመጣ ወደ ካሊፎርኒያ ላከው። ስቶን እዚያ ሲደርስ ሳልሞን የት እንደሚራባ የሚነግረው ሰው አጣ፤ በመጨረሻ አንድ የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ የአገሩ ተወላጅ ሕንዶች በማክላውድ ወንዝ ዳር ሳልሞን በጦር ሲወጉ እንዳየ ነገረው። በመስከረም መባቻ ወደዚያ ሲደርስ ወንዙ የዊንቱ ሕዝብ ነበር፤ እነርሱም ነጮች መሬታችንን ወሰዱ፣ ዛሬ ደግሞ ዓሣችንን ሊወስዱ መጡ ብለው ተቃወሙ። ስቶን እንቁላሉና ዘሩ ከወጣ በኋላ ሥጋው የእናንተ ነው በማለት አስታረቃቸው፤ ብዙዎቹም ኋላ በጣቢያው ሠራተኞች ሆኑ። በዚያ ዓመት በሐሩሩ ምክንያት ብዙ እንቁላል ሞተበት፤ 30,000 ያህል ብቻ በሣጥን ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ጣቢያውንም «ቤርድ» ብሎ ሰየመው።

በ1873 ሰኔ ወር ስቶን ነገሩን ገልብጦ የምሥራቁን ዓሣ ወደ ምዕራብ ሊያሻግር ተነሣ። አንድ የባቡር ፉርጎ ገንዳ በገንዳ አድርጎ ባስ፣ ትራውት፣ አምባዛ፣ እባብ መሳይ ኢልና ሕያው ሎብስተር ሳይቀር 300,000 ያህል ነፍስ ጫነ፤ ከረዳቶቹ ጋራም ሌሊትና ቀን ውኃውን በበረዶ እያቀዘቀዘ፣ አየር እንዳይጐድለው በዕቃ እየቀዳ መልሶ እያፈሰሰ ሄደ። ሰኔ 8 ቀን በነብራስካ፣ ከኦማሃ አልፎ፣ በኤልክሆርን ወንዝ ላይ የእንጨቱ ድልድይ ተደረመሰ፤ ፉርጎውም ከነገንዳው ወደ ወንዙ ወረደ። ስቶንና ረዳቶቹ ከሞት ለጥቂት ተርፈው በየመስኮቱ ወጡ፤ ዓሦቹ ወዳላሰቡት ወንዝ ተለቀቁ። ቤርድ በቴሌግራፍ ወሬውን ሲሰማ የመለሰው ለቅሶ አልነበረም፤ ተመለስና ሻድ ጭነህ እንደ ገና ሂድ የሚል ትእዛዝ ነበር። ሐምሌ ሲብት 35,000 ያህል የሻድ ጫጩት በሳክራሜንቶ ወንዝ ተለቀቀ። ሻድ እስከ ዛሬ በፓሲፊክ ዳርቻ ይኖራል።

የማክላውድ እንቁላል ግን እንዲህ አልተሳካለትም። በየዓመቱ በሚሊዮን እየተቈጠረ ወደ አሜሪካ ምሥራቅ ወንዞች፣ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሆላንድና ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ ጫጩቱ ይፈለፈላል፣ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ አይመለስም። በኋላ ዘመን በኒው ዚላንድ ቢጸናም፣ በእነዚህ ውኆች ከዚያ የቀረ ዘር የለም። የሆነ ሆኖ የሚፈለፈለው ቍጥር ለመንግሥት በሚቀርበው ዘገባ እያማረ ይሄድ ነበር፤ በ1880 በበርሊን በተደረገው የዓሣ ትርኢትም የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ታላቁን ሽልማት ለቤርድ ሰጠው። ኪርትላንድ በ1877 ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጋርሊክ በዚያው በ1880 መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ አሳትሞ በ1884 ዐረፈ።

በ1883 የባቡር መንገድ በላይኛው ሳክራሜንቶ በኩል ሲቀደድ ድንጋዩ በባሩድ ይሰበር ነበርና፣ ወንዙ በፍርስራሽና በድንጋጤ ተሞላ፤ በዚያ ዓመት ሳልሞን ወደ ማክላውድ ሳይወጣ ቀረ። ጣቢያው መረቡና ሣጥኑ፣ ሰውና ብልሃቱ ሁሉ ተሟልቶለት እንቁላል አጣ፤ በሚከተለውም ዓመት ሥራው ተቋረጠ። ማርሽ በ1857 ስለ ወንዞች መበላሸት የጻፈውን ስቶን በገዛ ወንዙ ዳር ቆሞ አነበበው ማለት ይቻላል። ቤርድ በ1887 በነሐሴ ወር በዉድስ ሆል፣ ራሱ ባቆመው የባሕር መመርመሪያ ጣቢያ ሞተ።

ስቶን በ1889 በኮሚሲዮኑ ትእዛዝ ወደ አላስካ ሄዶ የሳልሞኑን ወንዞች አየ። በ1892 በአሜሪካ የዓሣ ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆም፣ ያለፉትን ሃያ ዓመታት እንቁላል ሲያዳቅል የኖረው ሰው ስለ እንቁላል አልተናገረም። ወፍጮው፣ ማዕድን ማውጫው፣ ባቡሩና ግድቡ በሚሄዱበት ሁሉ ሳልሞን እንደ ጎሹ ይጠፋል፤ ሕግም ማስፈልፈያም አያድነውም፤ እንግዲህ ማንም የማይነካው አንድ አገር ለዓሣው ይከለልለት ብሎ ለመነ፤ ቦታውንም አመለከተ፤ አፎግናክ የምትባለውን የአላስካ ደሴት። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 24 ቀን በአዋጅ ደሴቲቱን ለደንና ለዓሣ ከለለ።